በአራት ወር ሁለት ጊዜ የተቃጠለው ጓርኒሲዮን

ጥያቄው፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 የተሠራች የቤንዚን ኮሮላ ናት፤ ካርቡራተር የላትም፣ ኢንጀክሽን ናት። ጠዋት ሳስነሳት ከኮፈኑ ሥር የልብስ ስፌት መኪና የመሰለ ጠቅታ ይሰማል። ነዳጅ ስሰጣት ጠቅታው ይፈጥናል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ድራሹ ይጠፋል። አንድ ጋራዥ ወስጃት በማኒፎልዱና (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱቦው በሚያሳልፈው ብረት) በቴስታታው (በሞተሩ ራስ) መካከል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ጭስ እንዳያፈተልክ የሚይዘው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል አሉኝና ተቀየረ። ሰባት ሳምንት ሠራ። ድምፁ ሲመለስ እዚያው ጋራዥ ሄድኩ፤ እንደገና ተቀየረ፣ እንደገና ከፈልኩ። ዛሬ ጠዋት የመስታወቱን ውርጭ ፍቄ ሳስነሳት ያችው ጠቅታ ጠበቀችኝ። ነዳጅም መብላት ጀምራለች፤ በሊትር 12 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረችው አሁን ከ9 አታልፍም። ጥፋቱ የጓርኒሲዮኑ ነው፣ የሠሪው ነው ወይስ የደብረ ብርሃን ብርድ?

ከዚያ በኋላ የሆነው፦

ይህን እዚህ መድረክ ላይ ከጻፍኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። መልሶቹ 31 ደርሰዋል፤ ግማሹ ስለ ጓርኒሲዮን፣ ሩቡ ስለ ቆሎ፣ የቀረው ቁጣ ነው። ዘግይቶ የሚገባ ሰው ሁሉንም ከማገላበጥ ይድን ዘንድ በተራ ልተርከው። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፤ በገባኝ መጠን ነው የማስቀምጠው። የተሳሳትኩበት ካለ ባለቤቱ ይምጣና ያርመኝ።

መልስ 1 በጣም ትሑት ነበር። ሰውየው እግዚአብሔር ይርዳህ ብሎ ጀመረና ጠቅታው ምናልባት የጭስ ሳይሆን የቫልቭ ሊሆን ይችላል፣ ክፍተቱ ሲሰፋ ልክ እንዲህ ነው የሚያንኳኳው አለ። ተስፋ ሰጠኝ፤ የቫልቭ ማስተካከያ ርካሽ ነውና።

መልስ 2 ተስፋዬን በትሕትና ወሰደው። የቫልቭ ድምፅ እንዲህ ሞተር በሞቀ ቁጥር ድራሹ አይጠፋም፤ ሲሞቅ የሚጠፋው ጭስ የሚያፈተልክበት ቀዳዳ ነው፣ ብረቱ በሙቀት እየተለጠጠ ክፍተቱን ስለሚዘጋው። ለማረጋገጥ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ነገረኝ። መኪናው በቀዝቃዛው ተነስቶ አንድ ሰው የኋላውን ቱቦ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ሰከንድ ይይዛል፣ ሌላው ከፊት ያዳምጣል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ በተበላሸው በኩል ስለሚገፋ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። በማግስቱ ልጄን ከኋላ አቆምኩት፤ በእጁ የያዘው ከከተማችን የታወቀ ብርድ ልብስ የተቀደደ ቁራጭ ነበር። ቱቦውን ሲይዘው ከራዲያተሩ ጀርባ በግራ በኩል እንደ እባብ የሚያፏጭ ነገር ሰማሁ። ስለዚህ የቫልቩ ነገር እዚህ ላይ ተዘጋ።

መልስ 3 ከሸዋ ሮቢት ነው። እርሱ የሁሉ ነገር ምክንያት ከፍታው ነው ባይ ነው። የእርሱ መኪና አገሯ ላይ አንበሳ ናት፤ ደብረ ሲናን አልፋ ጣርማበርን መውጣት ስትጀምር ግን ታስላለች፤ ደብረ ብርሃን ከገባች በኋላ ደግሞ ከጋሪ አትሻልም። ስስ አየር ሞተሩን ስለሚያስጨንቀው ጓርኒሲዮን ይበላል ሲል ደመደመ።

መልስ 4 ተቆጣ። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ተረት ነው አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል። ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ስስ አየር ጓርኒሲዮን አያቃጥልም፤ ቢያቃጥልማ በከተማው ውስጥ ያለ ታክሲ ሁሉ ጠቅ ጠቅ ሲል ይውል ነበር። እስከዚህ ጥሩ ተናግሮ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ስለ ቆላ ሰው የጨመራት ነገር ግን አላስፈለገችም። ሸዋ ሮቢቱ በመልስ 6 ተመልሶ፣ የቆላ ሰው መኪናው ሲበላሽ ሠርቶት ይነዳል እንጂ ጋቢ ተከናንቦ መድረክ ላይ አይፈላሰፍም ብሎ ሒሳቡን ዘጋ።

መልስ 5 ላይ ቆም እላለሁ። የጻፉት ከጫጫ የሆኑ አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ ከ30 ዓመት በላይ ሠርተዋል። እርሳቸው ጓርኒሲዮን ምን እንደሆነ ሳይገባን ስለ መቀየር እናወራለን ብለው ጀመሩ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ማኒፎልዱ ደግሞ ብረት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሙቀት ቢያገኙም እኩል አይለጠጡም፤ አሉሚኒየም ከቀለጠ ብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ስለዚህ መኪና በተነሳና በጠፋ ቁጥር እነዚህ ሁለት አካላት አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ሆኖ፣ እያንዳንዱን መፋተግ ችሎ፣ ጭሱን መያዝ አለበት። ለዚህ ነው ከተደራረቡ ስስ የብረት ቅጠሎች ወይም ከግራፋይት የሚሠራው። ማኒፎልዱ ረዥም ስለሆነ ከመሐል ይልቅ ጫፍና ጫፉ ነው አብዝቶ የሚንቀሳቀሰው፤ ቡሎን ሲበጠስም የጫፉ ይቀድማል።

ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቁኝ። ማኒፎልዱ ሲወርድ መጥመሙን ለማየት ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ተደርጎ ነበር ወይ? ሲመለስ ዳዶዎቹ (የቡሎኖቹ ማጥበቂያዎች) በሙሉ በቦታቸው ነበሩ ወይ? የጭስ ቱቦውን ከወለሉ ሥር ያንጠለጠሉት ጎማዎች ደኅና ናቸው ወይ? ቱቦው ከተንዘላዘለ ክብደቱን የሚሸከመው ማኒፎልዱ ነውና። ሦስቱንም አላውቅም። ሁለት ጊዜ ከፍዬ አንዱንም አለመጠየቄ አሳፈረኝ። እርሳቸው የጻፉትን በአንድ አረፍተ ነገር ልያዘው ብል፦ ጓርኒሲዮን ሟች ነው፣ ገዳዩን ሳትይዝ ሌላ ሟች አታምጣ የሚል ነው።

መልስ 7 ግን ይህን ሁሉ ፍልስፍና አልወደደም። ቀዩን የሙቀት ሲሊኮን በወፍራሙ ቀብቶ ማጥበቅ ነው፣ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲሠራ ኖሯል። መልስ 8 የሲሊኮኑ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን እንዲያነብ ነገረው። ያ ሲሊኮን የሚችለው 300 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ሙቀት ነው፤ የቤንዚን ሞተር ዳገት ሲገፋ ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ከ700 ዲግሪ ያልፋል። ተቃጥሎ ይረግፋል፣ ከዚህም በላይ ወፍራም ቅባቱ ሁለቱን ፊቶች በቅጡ እንዳይገጥሙ ያደርጋል። መልስ 9 ያው የሲሊኮኑ ሰው ሲሆን የያዘው ክርክር ሳይሆን ቅሬታ ነበር፤ መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ መካኒክ ነኝ ይላል የሚል። መልስ 10 ሽማግሌ ሆኖ ገባ። ለኋለኛው ቱቦና ለማርሚታው (ለድምፅ መቀነሻው) መጋጠሚያ የሚሆን፣ ሲሞቅ እንደ ሲሚንቶ የሚደርቅ ማጣበቂያ አለ፤ ምናልባት ወንድማችን ያን ከዚህ ጋር ቀላቅሎት ይሆናል አለ። ማዳመጥ የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ መውጫ በር ተከፍቶለት ነበር።

መልስ 11 ከመሐል ሜዳ ነው። እርሱ ባለበት መለዋወጫ ለማግኘት ወይ ደብረ ብርሃን ወይ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መውረድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጓርኒሲዮን ከአስቤስቶስ ሉህ በመቀስ ቆርጠው ይሠራሉ። አሮጌውን እንደ ናሙና ያስቀምጡና በመዶሻ ዙሪያውን ይቀጠቅጡታል። የሠሩት መኪና ለዓመታት እንደሄደም ነገረን። እኔ አልፈርድበትም፤ የመንዝ መንገድ ላይ ቆሞ የቀረ ሰው ያገኘውን ይቆርጣል። ነገር ግን ከሱ ቀጥሎ የጻፈችው ሰው ዝም አላለችም።

መልስ 12። ነርስ ናት። በመጀመሪያ የመሐል ሜዳውን ሰው የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እንደማይወጣ፣ ካንሰር እንደሚያመጣና በሽታው ከብዙ ዓመት በኋላ እንደሚገለጥ ነገረችው። ካልቀረለት እንኳ በደረቁ አይቁረጠው፣ አሮጌውንም በብሩሽ አይፋቀው፤ ውኃ ይርጨው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። ድምፁን ትተህ ቤተሰቦችህን ጠይቅ አለች። ደብረ ብርሃን ውስጥ በዚህ ብርድ ማንም መስታወት ዝቅ አድርጎ አይነዳም፤ ማሞቂያውም አየሩን የሚስበው ከሞተሩ አቅራቢያ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የሚሸተን የጭሱ ሌላው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ሽታ የለም ማለት አደጋ የለም ማለት አይደለም። ከደማችን ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፤ አየሩ በሳሳበት አገር ደግሞ ሰውነት የሚያባክነው ትርፍ ኦክስጅን የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው።

ይህን ሳነብ ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች። ባለፈው ወር ወደ አንኮበር፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ መስታወት ዘግተን ስንሄድ ራሷን አሟት ነበር። መንገዱ ነው፣ ጠመዝማዛው ነው ብለን አልፈነዋል። ከዚያ ምሽት በኋላ መኪናዋ እስክትሠራ ድረስ ልጆቹን አላሳፈርኩባትም።

ከመልስ 13 እስከ 18 ክሩ ጠፋ። አንዱ ለምን በአማርኛ ጋስኬት እንላለን፣ ጓርኒሲዮን እያለ አለ። ሌላው ጓርኒሲዮንም አማርኛ አይደለም፣ ጣሊያንኛ ነው አለው። ከዚያ የጋራዥ ቃላት ዝርዝር ወረደ፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ጎሚስታ። ጣሊያን ሲነሳ የጣርማበር ዋሻ ተነሳ፤ ዋሻው ሲነሳ ርዝመቱ። አንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ማለ፤ ሌላው 587 ሜትር መሆኑን ጠቅሶ አሳፈረው። ዋሻው ከታለፈ ደብረ ሲና መድረስ አይቀርምና የደብረ ሲና ቆሎ ተጀመረ። ሱፍ ያለበት ይሻላል ወይስ ሽምብራ የበዛበት የሚለው ሦስት መልስ ፈጀ። እኔም 17ኛው ላይ ሽምብራ ብዬ ገብቼበታለሁ፤ ስለዚህ ማንንም መክሰስ አልችልም።

መልስ 19 ወደ መስመር መለሰን። የጻፈችው የአውቶሞቲቭ ሙያ የምታስተምር እህት ናት፤ አጻጻፏም እንደ አስተማሪ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ነጌቲቭ ይነቀል። ዳዶዎቹ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ማታ ተረጭቶ ይደር፣ ጠዋት ይደገም። የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ይውረድ፤ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰሩ ሽቦ ይላቀቅ፤ ቱቦው ሲፈታ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ይደገፍ። አልፈታ ያለ ዳዶ ላይ ጉልበት አይጨመርበትም፤ ትንሽ ይጠብቃል፣ ትንሽ ይላላል፣ ዘይት ይጨመራል፣ እንደገና። የአሮጌው ቅሪት ሲፋቅ አሉሚኒየሙ እንዳይጫር፤ አንድ ጭረት ለጭስ መንገድ ነው። ከዚያ ማስመሪያውና የክፍተት መለኪያው። አዲሱ ጓርኒሲዮን ከመግባቱ በፊት ቀዳዳዎቹ ሁሉ መግጠማቸው በእጅ ይታያል፤ ያገለገለ አይመለስም። ማጥበቅ ከመሐል ተጀምሮ ወደ ጫፍና ጫፍ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሁለት ሦስት ዙር፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ ቁልፍ ነው። መፍታት ደግሞ ተቃራኒው፣ ከጫፍ ወደ መሐል።

መጨረሻ ላይ መኪናው ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠብቁ ብላ ነበር። መልስ 20 ይህን አረማት፦ ለአንዳንዱ ጓርኒሲዮን እንጂ ለሁሉም አይደለም፣ የመኪናው መጽሐፍ የሚለው ይከበር። እርሷም በአንድ መስመር ትክክል ነህ ብላ አለፈች። በዚህ ክር ውስጥ ስህተቱን የተቀበለ ብቸኛ ሰው እርሷ ናት።

መልስ 21 ስለ ነዳጁ ነው። ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ ጭስ ብቻ አያስወጣም፤ በግፊትና በግፊት መካከል አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ያ አየር ኦክስጅን ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ሴንሰሩ ቤንዚን አንሷል ብሎ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም አምኖት ይጨምራል። ከ12 ወደ 9 የወረደው በዚህ ነው። መልስ 22 የድሮ መኪና ባለቤት ነው፤ የእርሷ ካርቡራተር ሴንሰርም ኮምፒውተርም የለውም፣ ግን ከጣርማበር ቁልቁል በማርሽ ይዟት ሲወርድ ከኋላ እንደ ጠመንጃ ትተኩሳለች። በዚያ ቁልቁለት ነዳጅ ሳይቃጠል ወደ ጭስ ቱቦው ያልፋል፣ በቀዳዳው የገባው አየር ያገኘውና ይፈነዳል። የደብረ ሲና ፍየሎች ከእርሷ ድምፅ ይሸሻሉ ብሎን አሳቀን።

መልስ 23 የእኔ ነው። ማኒፎልዷ ከፊት ስለሆነ ቢያንስ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ራሴ እደርሳለሁ ብዬ ቅዳሜ ጠዋት ጀመርኩ። አራት ትንንሽ ቡሎኖች ነበሩ፤ ሦስቱ ተፈቱ፣ አራተኛው አንገቱ ላይ እንደ ብስኩት ተሰበረ። ቆርቆሮውን ሳነሳው ሦስቱ የሲሊንደር መውጫዎች በቀይ ዝገት ተሸፍነው ንጹሕ ናቸው። አራተኛው፣ በግራ ጫፍ ያለው፣ ዙሪያው ጥቁር ነው። ከመጋጠሚያው ጀምሮ በቴስታታው ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ደረቅ ጥላሸት፤ በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ተነሣ። ከሥሩ ዳዶ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ዳዶ የለም። ቡሎኑም የለም። ከቴስታታው ፊት እኩል ተበጥሶ የቀረ፣ የአምስት ሳንቲም መጠን እንኳ የሌለው የተላጨ የብረት ክብ ነው የሚታየው። ስብራቱ አዲስ አይደለም፣ ዝጓል። ማለትም ሁለቱንም ጊዜ ጓርኒሲዮኑን የቀየረው ሰው ይህን እያየ ቆርቆሮውን መልሶ ገጥሞበታል።

እዚህ ላይ መድረኩ ጋለ። መልስ 24 የጋራዡን ስም ካልጻፍክ ተባባሪ ነህ አለኝ። አልጻፍኩም፤ አልጽፍምም። ለባለቤቱ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፣ እዚያው ይበቃል። መልስ 25 መካኒክ ነው፤ የሥራ ባልደረባውን ሳይሆን ሥራውን ተከላከለ። ደንበኛው ቡና እስኪጠጣ ድረስ ጨርሱልኝ ይላል፤ ቡሎን ተበጥሷል፣ ብየዳና ቶርኖ ቤት (ብረት መላጊያ) ያስፈልጋል ሲባል ደግሞ ሆን ብላችሁ ሰበራችሁት ይላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ይዘጋዋል። ጥፋት ነው፣ ግን ጥፋቱን ብቻችንን አልወለድነውም አለ። ልክ ነው ለማለት ጥርሴን ነክሼ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ።

መልስ 26 የጫጫው አንጋፋ ተመለሱ። የተበጠሰውን ለማውጣት መቆፈሪያ አታንሱ፣ መቆፈሪያው ከመሐል ከሳተ አሉሚኒየሙን ይበላዋል አሉ። በቀረው ጉቶ ላይ ዳዶ ይቀመጥና በቀዳዳው ውስጥ ይበየዳል፤ የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ስለሚለቅቀው ሞቅ እንዳለ በቁልፍ ቀስ ተብሎ ይዞራል። መልስ 27 ወደ ግራ እየዞረ የሚቆፍር መቆፈሪያ ይሻላል ብሎ ተከራከረ፤ እርሳቸው በዚህ ዕድሜዬ ግራ አልማርም ብለው ተዉት። ከተማችን ውስጥ አንድ በያጅ እርሳቸው እንዳሉት አደረገው። የመጀመሪያው ዳዶ ተላቀቀ፣ ሁለተኛው ያዘ፤ ጉቶው ጭር ብሎ ሲዞር የሰማሁትን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ማኒፎልዱ ወርዶ ማስመሪያው ሲቀመጥበት በግራ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብርሃን አለፈ። ጠሟል። ቶርኖ ቤት ፊቱ ተላገ። መልስ 28 አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ መኪናዋን የት ነው የምታሳጥባት? እውነቱን ተናገርኩ። ከጣርማበር ወጥቼ ስመለስ በሬሳ ወንዝ ዳር ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን በቀዝቃዛ ውኃ ያጥቡልኝ ነበር፣ ገና ትኩስ እያለ። በግልም አልሰደበኝም፤ የጋለ ምጣድ ላይ ውኃ ያፈሰሰች ሴት ምጣዷን ማን ሰነጠቀብኝ አትልም ብሎ ብቻ ሄደ።

መልስ 29 አይሱዙ የሚነዳ ሰው ነው፤ በተርቦ ሞተር ላይ ይህ ዓይነት ቀዳዳ ከተርቦው በፊት ከሆነ ተርቦው የሚዞርበት ግፊት ስለሚያመልጥ ጉልበት እንደሚጠፋና ጥቁር ጭስ እንደሚበዛ ጨመረ። ለእኔ አይጠቅመኝም፣ ለሌላ ይጠቅማል ብዬ አስቀመጥኩት። መልስ 30 የሲሊኮኑ ሰው ሲሆን እኔ ብሆን በአንድ ሰዓት ጨርሼው ነበር አለ።

አሁን ሁለት ሳምንት ሆናት። አዲስ ቡሎን፣ አዲስ ዳዶዎች፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ከወለሉ ሥር ደግሞ አንድ የተበጠሰ የማንጠልጠያ ጎማ ተቀይሯል። ትናንት ጠዋት ውርጩን ፍቄ አስነሳኋት፤ ልጄም ሳልጠይቀው ብርድ ልብሱን ይዞ ከኋላ ቆመ። ጠቅታ የለም። ነገር ግን እስከ ዛሬ ጠቅታው ሸፍኖት የኖረ ሌላ ነገር ከዲናሞው በኩል ጥርት ብሎ ይጮኻል። መልስ 31 ላይ ቺንጋ (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ይሆናል ብዬ ብጠይቅ፣ አወያዩ ለእርሱ ሌላ ክር ክፈት ብሎኛል።